የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ዓይኖች፦ አስር ተብለው ለምን አራት ብቻ ታዩ?

ጥያቄ፦ «በባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። አሜሪካ የሚኖር ወንድሜ ከደላዌር ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ያነሣውን የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ደረቅ ቅርፊት አምጥቶልኝ ለሳይንስ ክበባችን ማሳያ ልናደርገው ነው። ኢንተርኔት ላይ እንስሳው አስር ዓይን አለው ይላል፤ እኔና ተማሪዎቼ ግን ደጋግመን ፈልገን ያገኘነው አራት ብቻ ነው። ስድስቱ የት አሉ? ወይስ ቅርፊቱ ጎደሎ ነው? ጅራቱ መርዛም ነው ስለተባልኩ ተማሪዎች እንዳይነኩት ከልክያለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በዓባይ ዳር ድንጋይ ሥር የሚገኘው ሸርጣን የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ ጣና ውስጥም ሊኖር ይችላል ይላል። ደሙ መድኃኒት ነው የሚባለውስ እውነት ነው? በመግለጫው ወረቀት ላይ ምን ብንጽፍ ይሻላል?»

ምላሽ፦

ቅርፊቱ ጎደሎ አይደለም፤ የእናንተም ቆጠራ ስሕተት የለበትም። በደረቀ ቅርፊት ላይ ሊታዩ የሚችሉት ዓይኖች አራት ብቻ ናቸው። «አስር ዓይን» የሚለው አነጋገር ከእውነት የራቀ ባይሆንም፣ ምን ምኑ እንደ ዓይን ተቆጥሮ እዚያ ቁጥር ላይ እንደተደረሰ ሳይነገር ሲቀር፣ አንባቢው በእንስሳው ገላ ላይ አስር የሚያዩ ዓይኖች እንዲፈልግ ያደርገዋል፤ በእናንተም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የአራቱን ቦታ እናረጋግጥ። ቅርፊቱን ጎባጣው ጀርባ ወደ ላይ፣ ጅራቱ ወደ እርስዎ እንዲሆን አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። በሰፊው የፊት ክፍል ግራና ቀኝ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ጉብ ያለ ሸንተረር አለ፤ በእያንዳንዱ ሸንተረር ውጫዊ ጎን ላይ ሞላላ ቅርጽ ያለው፣ በአዋቂ እንስሳ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዓይን ይገኛል። እነዚህ ሁለቱ ጥምር ዓይኖች ናቸው። በመሐለኛው መስመር ወደ ፊት ሲሄዱ ደግሞ አንዲት አጭር እሾህ ያገኛሉ፤ ከእርስዋ ግራና ቀኝ የሚታዩት ሁለት በጣም ትናንሽ ነጥቦች እያንዳንዳቸው አንድ ሌንስ ብቻ ያላቸው ነጠላ ዓይኖች ናቸው። አራቱም የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ሌንሳቸው የተሠራው ከራሱ ከቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ ሲደርቅም ሆነ ሲጣል ሌንሱ አብሮ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀሩት ሌንስ የላቸውም። በሕይወት ባለው እንስሳ ውስጥ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ለስላሳ አካል ላይ የተቀመጡ፣ ብርሃን ሲነካቸው ለአንጎል ምልክት የሚልኩ ሕዋሳት ስለሆኑ፣ ሥጋው ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። አንደኛው በሁለቱ ነጠላ ዓይኖች መካከል ከላይኛው ቅርፊት በታች ይገኛል። ከእያንዳንዱ ጥምር ዓይን አጠገብ አንዳንድ ያልዳበረ የጎን ዓይን አለ። በሆድ በኩል ከአፉ ፊት ለፊት ሁለት የሆድ ዓይኖች አሉ። በመጨረሻም በጅራቱ ላይ በርዝመቱ የተደረደሩ ብርሃን ተቀባዮች ይገኛሉ። እንግዲህ ሁለት ጥምር፣ ሁለት ነጠላ፣ አንድ የመሐል፣ ሁለት ያልዳበሩ፣ ሁለት የሆድ ብለን ስንደምር ዘጠኝ ይሆናል፤ አስር የሚሞላው በጅራቱ ላይ ያሉት ብዙ ተቀባዮች በጅምላ እንደ አንድ ዓይን ሲቆጠሩ ነው። በእኔ አስተያየት የጅራቱን ዓይን ብሎ መጥራት ተማሪን ያሳስታል። ጅራቱ ምንም ነገር አያይም፤ ቀን ነው ወይስ ሌሊት የሚለውን ለአንጎል ያሳውቃል፣ አንጎሉም በውስጡ ያለውን የቀንና የሌሊት ሰዓት በዚያ ያስተካክላል።

የሌሎቹም ሥራ እንዲሁ ይለያያል። ያልዳበሩት የጎን ዓይኖች ዋና አገልግሎታቸው እንስሳው ገና በእንቁላል ውስጥ ሳለ፣ ጥምር ዓይኖቹ ሳይበስሉ በፊት ነው። የሆድ ዓይኖቹ ሲዋኝ አቅጣጫውን እንዲይዝ ሳይረዱት እንደማይቀሩ ይታሰባል፤ የፈረስ ኮቴ ሸርጣን፣ በተለይ በወጣትነቱ፣ በጀርባው ተገልብጦ ስለሚዋኝ በዚያን ጊዜ ሆዱ ወደ ብርሃን ይዞራል። ነጠላዎቹ የፊት ዓይኖች ደግሞ እኛ ከምናየው ብርሃን በተጨማሪ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይቀበላሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ዓይን አለው?» ከሚል ይልቅ «የትኛው አካል ስለ ብርሃን ምን ይነግረዋል?» ቢሆን ተማሪዎቹ የበለጠ ይማራሉ። መልክ ያለውን ነገር ለይቶ ማየት የሚችሉት ሁለቱ ጥምር ዓይኖች ብቻ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል።

በአዋቂ እንስሳ አንዱ ጥምር ዓይን ወደ 1,000 የሚጠጉ ጥቃቅን የዓይን አሃዶች አሉት። እያንዳንዱ አሃድ የራሱ ሌንስና ከሥሩ የተሰበሰቡ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ሲኖሩት፣ የሚመለከተውም ከፊቱ ያለችውን ጠባብ አቅጣጫ ብቻ ነው። የዝንብን ዓይን በማጉያ መነጽር ያየ ተማሪ እዚህም ከላይ የተኮፈሱ ጥቃቅን ሌንሶችን ይጠብቅ ይሆናል፤ ነገር ግን የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ዓይን ከውጭ ሲዳሰስ ልሙጥ ነው። ምክንያቱ ውኃ ነው። በአየር ውስጥ ብርሃንን የሚሰብረው የሌንሱ ጎባጣ ፊት ሲሆን፣ በውኃ ውስጥ ግን ውኃውና ቅርፊቱ ብርሃንን የሚሰብሩበት መጠን ስለሚቀራረብ ጉብታው እምብዛም አይጠቅምም። በዚህ ፈንታ ከቅርፊቱ ውስጠኛ ገጽ ወደ ታች የሾሉ ሾጣጣ ብርሃን አሳላፊዎች ይወርዳሉ፤ የእነዚህ ሾጣጣዎች ቁስ ከመሐል ወደ ጠርዝ እየሳሳ ስለሚሄድ ብርሃኑ በውስጣቸው እየታጠፈ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባል። ይህን አሠራር በቪየና የነበረው ሲግመንድ ኤክስነር እ.ኤ.አ. በ1891 ባሳተመው ጥናት የዚህኑ እንስሳ ዓይን ጭምር መርምሮ አስረድቶታል። ለእናንተ ትልቁ ዕድል ሾጣጣዎቹ ከቅርፊቱ ጋር የሚቀሩ መሆናቸው ነው። ቅርፊቱን ገልብጡና የዓይኑን ውስጠኛ ጎን በማጉያ መነጽር ተመልከቱ፤ ከውጭ በኩል ደግሞ የስልክ መብራት አብሩበት። በመደዳ የቆሙ ጥቃቅን ሾጣጣዎች ታያላችሁ፤ ለእኔ ከሆነ ከመላው ማሳያ ይልቅ ተማሪን የሚያስደንቀው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። 1,000 የሚለው ቁጥር የአዋቂ እንስሳ ነው። የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ከእንቁላል ሲወጣ ያሉት የዓይን አሃዶች ጥቂት ሲሆኑ፣ ቅርፊቱን በቀየረ ቁጥር ይጨመሩለታል። ቅርፊታችሁ የትንሽ እንስሳ ከሆነ ቁጥሩን እንዳለ አትጻፉ። ሌላው የተለመደ ስሕተት ደግሞ «ሮድና ኮን የተባሉት ሕዋሳቱ ከሰው መቶ እጥፍ ይበልጣሉ» የሚለው ነው። ሮድና ኮን የአከርካሪ አጥንት ያላቸው እንስሳት ዓይን ሕዋሳት ናቸው፤ ይህ እንስሳ የለውም። የእርሱ ብርሃን ተቀባዮች በአሠራራቸው የተለዩ ናቸው፤ በጣም ትልልቅ መሆናቸው ግን እውነት ነው።

የሳይንስ ዓለም በዚህ ዓይን ላይ ያን ያህል ዘመን ያተኮረው በዚሁ ትልቅነት ምክንያት ነው። አሜሪካዊው ኬፈር ሃርትላይን እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በማሳቹሴትስ ጠረፍ በዉድስ ሆል ይህን እንስሳ ያጠና ነበር። የዓይን ነርቩ ረጅምና ከቅርፊቱ ሥር በቀላሉ የሚገኝ በመሆኑ፣ ሃርትላይንና ክላረንስ ግራሃም ነርቩን ፈልቅቀው አንዲት ነጠላ ክር ለይተው በውስጧ የሚያልፈውን ኤሌክትሪካዊ ምልክት መዘገቡ፤ ውጤታቸውም እ.ኤ.አ. በ1932 ታተመ። ብርሃኑ ሲደምቅ ምልክቶቹ እየተደጋገሙ ይመጣሉ፣ ሲደበዝዝ ይራራቃሉ። ይህ የሚጠበቅ ነበር። ያልተጠበቀው ሃርትላይን ቆየት ብሎ ያስተዋለው ነው፤ አንዱ አሃድ በብርሃን ሥር ሳለ ጎረቤቱም ሲበራበት የመጀመሪያው ምልክት ይቀንሳል። ማለትም እያንዳንዱ አሃድ ለአንጎል የሚናገረውን እየተናገረ በጎኑ ያሉትን ዝም ያሰኛል።

ይህ መጋታት ለእንስሳው ምን ይጠቅመዋል? የጣና ውኃ በጠዋት ፀሐይ ሲያንጸባርቅ ታንኳ ሲያልፍበት አስቡ። በውኃው መሐል ላይ ያነጣጠሩት አሃዶች ሁሉም እኩል ብርሃን ስለሚያገኙ እርስ በርስ ተጋትተው ምልክታቸው ይለዝባል። በታንኳው ጥቁር ጠርዝ ላይ ያለው አሃድ ግን በአንድ በኩል ያሉት ጎረቤቶቹ በጨለማ ስለሆኑ የሚገታው ያንሳል፤ ምልክቱም ከፍ ይላል። ውጤቱ የነገሩ ጠርዝ ከሆነው በላይ ጎልቶ መታየቱ ነው። ሃርትላይንና ፍሎይድ ራትሊፍ ይህን በሒሳብ ቀመር ጭምር አስቀምጠውታል፤ ሃርትላይን እ.ኤ.አ. በ1967 ከጆርጅ ዋልድና ከራግናር ግራኒት ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራውም በዚህ የዓይን ምርምሩ ነው። ተመሳሳይ ሥርዓት በሰው ዓይንም ስላለ በክፍል ውስጥ ልታሳዩት ትችላላችሁ፦ ከነጣ ግራጫ እስከ ጠቆረ ግራጫ ድረስ አምስት ያህል ወረቀቶችን ጎን ለጎን ክፍተት ሳይኖር ለጥፉ። እያንዳንዱ ወረቀት አንድ ወጥ ቀለም ቢኖረውም፣ በሚገናኙበት መስመር ላይ በአንዱ በኩል ፈካ፣ በሌላው በኩል ጠቆር ብሎ ይታያል። በወረቀቱ ላይ የሌለ መስመር ዓይናችን ነው የሚጨምረው።

ዓይኑ በሌሊት የሚያደርገው ለውጥም ከዚህ አያንስም። ሮበርት ባርሎው ከባልደረቦቹ ጋር እንዳሳየው፣ ሲመሽ የእንስሳው አንጎል በዓይን ነርቩ በኩል ወደ ዓይኑ ምልክት ይልካል፤ በዚህም የአሃዶቹ ውስጣዊ ቅርጽ ተለውጦ ብዙ ብርሃን እንዲያስገቡ ይሆናል፣ ለብርሃን ያላቸው ስሜትም ከቀኑ እስከ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ውስጣዊ ሰዓት እንጂ ከጨለማው ብቻ አይደለም፤ እንስሳው ቀን ከሌት በጨለማ ክፍል ቢቀመጥ እንኳ ለውጡ በየዕለቱ በሰዓቱ ይመጣል። በመራቢያ ወራት ወንዱ ሴቷን የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት፣ በሞገድ በተናወጠ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ስለሆነ ይህ ያስፈልገዋል። ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሲሚንቶ የተሠሩ የሴት ቅርጾችን በባሕሩ ዳርቻ አስቀምጦ ሲመለከት፣ ወንዶቹ ወደ ቅርጾቹ፣ በተለይም ወደ ጥቋቁሮቹ፣ ይሳቡ ነበር። የሚያዩት ርቀት ግን አጭር ነው፤ አንድ ሜትር ገደማ። ዓይኑ ትንሽ ነገርን ነጥሎ አያይም፣ አይንቀሳቀስም፣ ሌንሱም ወደ ሩቅና ወደ ቅርብ አይስተካከልም። ስለዚህ «አስደናቂ እይታ አለው» ብሎ መጻፍም ከልክ ያለፈ ነው።

ቅርፊቱ የተጣለ ልባስ ነው ወይስ የሞተ እንስሳ? ይህን ሳታውቁ ማጽዳትም ሆነ መግለጫ መጻፍ የለባችሁም። የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ቅርፊቱን ሲቀይር የሰፊው የፊት ክፍል ጠርዝ በዙሪያው ይሰነጠቅና እንስሳው በዚያ በኩል ወደ ፊት ይወጣል። ስለዚህ የፊተኛውን ጠርዝ በጥፍርዎ ቀስ ብለው ይመርምሩ፤ ከላይና ከታች የሚለያይ ስንጥቅ ካለ፣ ቅርፊቱም ቀላልና ብርሃን አሳላፊ ከሆነ የተጣለ ነው። ጠርዙ የተዘጋና ክብደት ያለው፣ ሽታውም ያልጠፋ ከሆነ ግን የሞተ እንስሳ ነው። እግሮቹም ይረዷችኋል። እንስሳው ለአካለ መጠን እስኪደርስ ከ9 እስከ 11 ዓመት ገደማ የሚፈጅበት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ 16 ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ቅርፊቱን ይቀይራል፤ ከዚያ በኋላ መቀየሩን አብዛኛውን ጊዜ ያቆማል። የአዋቂ ወንድ የመጀመሪያ የመራመጃ እግሮች ጫፍ ሴቷን ለመያዝ የሚያገለግል ወፈር ያለ መንጠቆ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የሚወጣው በመጨረሻው ቅያሬ ነው። በእጃችሁ ባለው ላይ ይህን መንጠቆ ካያችሁ የአዋቂ ወንድ ሬሳ ነው ማለት ነው። መንጠቆ ከሌለው ግን የወጣት እንስሳ ወይም የሴት ሊሆን ስለሚችል በዚህ ብቻ ጾታውን አትወስኑ።

ስለቀረው አካል አጠር አድርጌ ልናገር። ገላው ሦስት ክፍል አለው፤ ሰፊው የፊት ክፍል፣ ከእርሱ ጋር በማጠፊያ የተያያዘው በጎንና ጎኑ ተንቀሳቃሽ እሾሆች ያሉት የሆድ ክፍል፣ እና ሹሉ ጅራት። ሲገለብጡት በፊተኛው ክፍል ሥር ስድስት ጥንድ እግሮች ይታያሉ። የመጀመሪያዎቹ ትናንሽ መቆንጠጫዎች ምግብ ወደ አፍ ያቀርባሉ፤ የቀሩት አምስቱ ጥንድ ለመራመድ ያገለግላሉ፣ የመጨረሻዎቹም ጭቃና አሸዋ ለመግፋት የተዘጋጀ ጫፍ አላቸው። መንጋጋ የለውም። አፉ በእግሮቹ መካከል ነው፤ የእግሮቹ መነሻ እሾሃማ ስለሆነ እንስሳው ሲንቀሳቀስ እነዚህ እርስ በርስ እየተፋጩ ትሉንና የቀንድ አውጣ ወገን የሆነውን ምግብ ያደቅቁታል። በሆዱ ክፍል ሥር መጀመሪያ የመራቢያ አካላትን የሚሸፍን ክዳን፣ ቀጥሎም አምስት ጥንድ ስንጥቦች አሉ። እያንዳንዱ ስንጥብ እንደ ገዳም ብራና መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል የተደራረበ ነው፤ ቅጠሎቹም ወደ 150 ይደርሳሉ። ሲርገበገቡ ውኃ ያሳልፋሉ፣ እንስሳው ኦክስጅን ያገኛል፣ በሚዋኝበትም ጊዜ ይገፉታል። ቅጠሎቹ እርጥብ እስከሆኑ ድረስ ከውኃ ውጭም ለሰዓታት ይቆያል።

ጅራቱ መርዝ የለውም። መውጊያም አይደለም። ማዕበል ሲገለብጠው መሬት ላይ ተክሎ ራሱን የሚያቃናበት ማንሻ፣ ሲሄድም አቅጣጫ መያዣ ነው። ከጊንጥ ጋር መመሳሰሉ ሰዎችን ያሳስታቸዋል። ስለዚህ ክልከላዎን ያንሡ፤ ተማሪዎቹ ይንኩት። የሚያስፈልገው ተራ ጥንቃቄ ብቻ ነው፤ የጅራቱ ጫፍና የጎን እሾሆቹ ሹል ስለሆኑ እጅ እንዳይወጉ፣ ከነኩ በኋላም እጅ በሳሙና መታጠብ። በጅራቱ አንጠልጥሎ ማንሣት ግን አይገባም። ሕያው እንስሳ ከሆነ መገጣጠሚያውን ይጎዳዋል፤ ደረቅ ከሆነም ይሰበራል።

ባልደረባዎ ስለ ዝምድናው የሰጡት አስተያየት የሚታረም ነው። ይህ እንስሳ ስሙ ሸርጣን ቢሆንም ወገኑ ከሸረሪትና ከጊንጥ ነው። የወንዙ ሸርጣን ሁለት ጥንድ አንቴና፣ የሚያላምጥበት መንጋጋና በአጭር ዘንግ ላይ የቆሙ ዓይኖች አሉት፤ የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ከእነዚህ አንዱም የለውም። የወንዙ ሸርጣን ቅርፊቱን ሲቀይር ከኋላ ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ይህኛው እንዳልኩት በፊት በኩል ነው። ከዓባይ ዳር የሞተ ሸርጣን ወይም የተጣለ ቅርፊት ብታገኙ ጎን ለጎን አስቀምጡት፤ ልዩነቱን ከማንኛውም ጽሑፍ በተሻለ ያስረዳል።

በጣና ሊኖር አይችልም። ዛሬ በሕይወት ያሉት አራት ዝርያዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ በሰሜን አሜሪካ የአትላንቲክ ጠረፍ ከሜይን እስከ ሜክሲኮ ዩካታን፣ ሦስቱ ደግሞ በደቡብ፣ በደቡብ ምሥራቅና በምሥራቅ እስያ ጠረፎች ይኖራሉ። በአፍሪካ ጠረፍ፣ በቀይ ባሕርም ጭምር፣ የሉም። ሁሉም የባሕር እንስሳት ናቸው፤ ከእስያዎቹ አንዱ ጨዋማነቱ ወደ ቀነሰ የወንዝ አፍ ቢገባም ጨው ከሌለው ሐይቅ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የደላዌሩ ዝርያ እንቁላሉን የሚጥለው በግንቦትና በሰኔ ወራት፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ በሚመጣው ከፍተኛ የባሕር ሙላት ወደ አሸዋው ወጥቶ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ውኃው ጨው አልባ፣ እንዲህ ያለ ሙላትና ጉድለትም የማያውቅ ሐይቅ ነው። ጥያቄው አምጥቶ ለመሞከር ታስቦ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ በሐይቁ ላይ ያደረሰው ጉዳት ከውጭ የመጣ ሕያው ነገር ምን ሊያስከትል እንደሚችል በቂ ማስረጃ ነው።

ደሙ ሰማያዊ ነው፤ መድኃኒት ግን አይደለም። ኦክስጅን የሚሸከምለት እንደ እኛ ብረት ያለው ሄሞግሎቢን ሳይሆን መዳብ ያለው ሄሞሳያኒን ስለሆነ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ይሆናል። ጥቅሙ ለምርመራ ነው። ፍሬድሪክ ባንግ እ.ኤ.አ. በ1956 እንደዘገበው የዚህ እንስሳ ደም የአንዳንድ ባክቴሪያዎች መርዝ ሲነካው ይረጋል፤ ባንግና ጃክ ሌቪን በኋላ ከደሙ ሕዋሳት መመርመሪያ አዘጋጁ። በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች፣ ክትባቶችና ወደ ሰውነት የሚገቡ የሕክምና ዕቃዎች ከዚህ መርዝ ነጻ መሆናቸው በእርሱ ይጣራል። ደሙን ጠጥቶ ወይም ቀብቶ የሚድን በሽታ የለም። ዛሬ ያለ እንስሳው ደም በላቦራቶሪ የሚዘጋጅ ተመሳሳይ መመርመሪያም አለ።

መግለጫውን በሚመለከት ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ «አስር ዓይን ያለው እንስሳ» ብላችሁ ርእስ አታድርጉ። እንዲህ ጻፉ፦ «በዚህ ቅርፊት ላይ አራት ዓይኖች ይታያሉ፤ ሁለት ጥምርና ሁለት ነጠላ። ሕያው እንስሳ ከእነዚህ በተጨማሪ በራሱ፣ በሆዱና በጅራቱ ላይ ሌንስ የሌላቸው ብርሃን ተቀባይ አካላት አሉት። ወገኑ ከሸረሪትና ከጊንጥ ነው። መርዝ የለውም።» ከጎኑ በእጅ የተሣለ ሥዕል አድርጉና የማይታዩትን በነጠብጣብ መስመር፣ የሚታዩትን በሙሉ መስመር አመልክቱ። ማሳያው ከሥሩ መስታወት ቢኖረው እግሮቹና ስንጥቦቹም ያለ መገልበጥ ይታያሉ።

የተጣለ ቅርፊት ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ለስላሳ ብሩሽ ተጠቅማችሁ አጽዱት፣ በጥላ ሥር አድርቁት። ጠንካራ በረኪና አትጠቀሙ፤ ቅርፊቱን ያነጣዋል፣ ያደርቀዋል፣ ከዚያም ይሰባበራል። ቀለም አልባ ቫርኒሽ መቀባት ከፈለጋችሁ መስኮት ከፍታችሁ ከውጭ በኩል በስሱ ቀቡ፤ የዓይኖቹን ውስጠኛ ጎን ግን አትንኩ፣ ሾጣጣዎቹ ይደፈናሉ። ውስጡ ሥጋ የቀረበት ሬሳ ከሆነ ተማሪዎች አያጽዱት፤ ጓንት አድርጎ አዋቂ ሰው ከክፍል ውጭ ሥጋውን ያስወግድ። ፎርማሊን በክፍል ውስጥ አትክፈቱ። የባሕር ዳር ክረምት እርጥበት ሻጋታ ስለሚያመጣ ከሰኔ እስከ መስከረም በተዘጋ የመስታወት ሣጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ይቀመጥ፣ በየጊዜውም ይታይ። ወንድምዎ ሌላ እንዲያመጡ ከጠየቁ የተጣለ ቅርፊት ብቻ ይሁን፤ እንስሳውን መያዝ በዚያ ጠረፍ በሕግ የተገደበ ነው፤ ኒው ጀርሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለንግድ እንዳይሰበሰብ ከልክላለች።